በቃል ሲያስተምር የኖረ አገር

ይህን በእጄ የያዝኩትን ነገር ከኋላ የተቀመጣችሁ ምናልባት አታዩት ይሆናል። ባንድ ጠርዙ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ማስመሪያ የሚመስል ነገር ነው። የላይኛው ክንፉ በተርታ የተደረደሩ ትንንሽ መስኮቶች አሉት፤ በታችኛው ላይ ደግሞ በየመስኮቱ አንጻር ስድስት ስድስት ጉድጓዶች አሉ። በመካከሉ ወፍራም ወረቀት ይገባል። ይህች አጭር ወስፌ ወረቀቱን ወደ ጉድጓዱ እየጫነች ነጥብ ታወጣለች። መሣሪያውን ስሌት፣ ወስፌዋን ስታይለስ ይሏቸዋል። የዓይነ ስውር ተማሪ እስክሪብቶና ደብተር ይኸው ነው።

ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ በጀርባው አብጠው ስለሚወጡ ንባቡ ከግራ ወደ ቀኝ ይሆናል። እንግዲህ የሚጽፈው ልጅ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ በልቡ መያዝ አለበት ማለት ነው። ከስድስት ነጥብ የሚወጣው ቅርጽ 63 ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ስለዚህ በአማርኛ ብሬይል አብዛኛው ፊደል በሁለት ይከፈላል፤ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው ይጻፋል። እኛ ባንድ ምልክት የምንጽፈውን “ላ” እሱ በሁለት ይጽፈዋል። የብሬይል መጽሐፍ በጀርባ የሚታዘል ሸክም የሚሆነው ባንድ በኩል በዚህ ነው።

ይህን ስሌት የተዋስኩት ከዚሁ ከላስታ፣ ከኩልመስክ ማዶ ካለ ቀበሌ ልጅ ነው። ስሙን ለራሱ ልተውለት። ብሬይልን ከሩቅ አገር፣ አዳሪ ሆኖ ተማረ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲጽፍ ብታዩት! ወስፌዋ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች፤ ለአፍታም አትቆምም። ግን የሚጽፈው ነገር አጥቷል። ጠዋት ከቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ይሞቃል፤ ከሰዓት የሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምን እንደተማሩ ይጠይቃቸዋል። አንድ ቀን “መምህር፣ የማታ ትምህርት ለእኔ ይሆናል?” አለኝ። አብሬው ሄጄ ጠየቅሁለት። መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም። “ኧረ ልጄ፣ ማን ያነብልሃል?” አለው እንጂ አልከለከለውም። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም። ተመለስን። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያን ቀን መስጠት ያቃተኝን መልስ ይዤ ነው።

መጀመሪያ ግን ስንት ናቸው ብለን እንጠይቅ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ብሎ የመዘገበው ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በዓለም ላይ ከመቶ ሰው 16ቱ አካል ጉዳተኛ ነው ይላል። ኢትዮጵያ፣ ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ የሆነው አማራ ክልል ያለባት ኢትዮጵያ፣ ከዓለም ሁሉ ያነሰ አካል ጉዳተኛ ሊኖራት አይችልም። ልዩነቱን የሚያመጣው ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ነው። ጓዳ ውስጥ ያለው ልጅ አይነገርም። እናቱ ስለምትጠላው አይደለም፤ ሰው እንዳይዘብትበት፣ የእህቱ ጋብቻ እንዳይሰናከል ብላ ነው። ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ ወንበርም መምህርም አይመደብለትም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ትምህርት ልመልሳችሁ። ከዚህ ከላስታ ብዙ ሳንርቅ ዋድላ አለች። የቅኔ ቤት ሲነሳ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ ተብሎ ይቆጠራል፤ የዋድላ ቅኔ የራሱ መንገድ፣ የራሱ ለዛ አለው። እዚያ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ከመካከላችሁ ቆሎ የያዛችሁም፣ ከውሻ የታገላችሁም አትጠፉም። መምህሩ ቅኔውን ይዘርፋል፣ ይፈታል፣ ምሥጢሩን ያወርዳል። ተማሪው ሰምቶ ይሄዳል። ሌሊቱን ብቻውን፣ ቀኑን ከቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ የራሱን ጉባኤ ቃና ያሰላስላል። ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ መምህሩ እዚያው በቃሉ ያርመዋል። ከዘአምላኪየ እስከ መወድስ፣ ከመወድስ እስከ ዕጣነ ሞገር የሚያስኬደው መሰላል ይኸው ነው። ወረቀት የለም። ሰሌዳ የለም።

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? በዚህ ቤት ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓደኛው የሚያንስበት ነገር ስለሌለ ነው። ጓደኛው በጆሮው ይሰማል፣ እሱም በጆሮው ይሰማል፤ ጓደኛው በልቡ ይቀኛል፣ እሱም በልቡ። ልዩ ክፍል፣ ልዩ መምህር ሳያስፈልገው ከጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ መምህርነት ይዘልቃል። ዓይነ ስውር መሪጌቶች በየደብሩ ቆመው ያስተማሩት፣ ዛሬም የሚያስተምሩት ለዚህ ነው። በወሎ የቁርኣን ቤቶችም እንዲሁ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ልጅ ሠላሳውን ጁዝ በቃሉ ይዞ ሐፊዝ ይባላል፣ ሸኽ ይሆናል።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይኼ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ዲዲሞስ የሚባል ሰው ነበር። ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፋ። በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደሎችን በጣቱ እየዳሰሰ እንደለየ ይነገርለታል፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬይል እ.ኤ.አ. በ1829 የነጥብ ጽሕፈቱን ከማሳተሙ 1,500 ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። ዲዲሞስ ሰዋስውን፣ ሒሳብን፣ ፍልስፍናን ሰው እያነበበለት ተምሮ፣ የዚያን ዘመን ታላቅ የመጻሕፍት ትምህርት ቤት በእስክንድርያ መራ። ያን መምህርነት ያጸደቀለት ፓትርያርኩ አትናቴዎስ ነው። አትናቴዎስን ታውቁታላችሁ፤ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እሱ ነው። የፍሬምናጦስን ታሪክ ጽፎ ያቆየልን ሩፊኖስ ደግሞ ከዲዲሞስ እግር ሥር ዓመታት ቁጭ ብሎ የተማረ ደቀ መዝሙር ነበር። ክርስትና ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ የሚተርከውን ቀዳሚ ጽሑፍ የጻፈው እጅ የተማረው ከዓይነ ስውር መምህር ነው ማለት ነው። ይህን ሳስብ “ማን ያነብልሃል?” የሚለው ጥያቄ ሌላ ይሆንብኛል። ለዲዲሞስ የሚያነብለት ነበረው። አገር አነበበለት።

ከሙስሊም ወንድሞቻችን ወገን ደግሞ ግብጻዊውን ጣሃ ሑሴንን አስቡ። በሕፃንነቱ የታወረ የገጠር ልጅ ነው። ከቁርኣን ቤት ወደ አል አዝሃር፣ ከአል አዝሃር ወደ አዲሱ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1914 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ትምህርት እንደ አየርና እንደ ውኃ ለሁሉም መድረስ አለበት ብሎ ተነሳ። በር በበር ላይ ስለተከፈተለት ነው እዚያ የደረሰው፤ አንዱ በር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ግድግዳ ሥር ፀሐይ የሚሞቅ ሐፊዝ ሆኖ በቀረ ነበር።

የቅኔ ቤቱን ግን ያለ እንከን አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ረኃቡ፣ እከኩ፣ የውሻው ንክሻ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩ በአብዛኛው ለወንድ ልጅ ነበር። ዓይነ ስውር ሴት ልጅ በእነዚህ ተራሮች ላይ ብትወለድ የት ትሄድ ነበር?

ከዚሁ ከወሎ፣ ከአማራ ሳይንት፣ አንዲት ልጅ ሄዳለች፤ የትነበርሽ ንጉሤ። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት እሷው ራሷ በአደባባይ ተናግራለች፤ ለጋብቻ አትሆንም የተባለችው ልጅ ለትምህርት ተረፈች። ሻሸመኔ ባለው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬይል ተምራ፣ አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። በአካል ጉዳተኞች ጉዳይ የሚሠራ ማዕከል ከባልደረቦቿ ጋር አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድን አገር የሚሰጠውን፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። እንኮራባታለን፤ ይገባናልም። ነገር ግን አንዲት የወሎ ሕፃን “ሀ” ብላ ለመጀመር እስከ ሻሸመኔ መሄድ ነበረባት። ስንት ልጅ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ይችላል? ያልሄዱትስ የት ናቸው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን አካል ጉዳተኛ ልጅ ማየት እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። የሚሰበረው ከዚያ በኋላ ነው። ስምንተኛ ክፍል ያለቀ ጊዜ፣ ሁለተኛ ደረጃው ሩቅ ከተማ ውስጥ የሆነ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛን ያላለፈ ጊዜ። ለዓይናማ ልጅ ያን ጊዜ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር አለ፤ የማታ ትምህርት አለ፣ የርቀት ትምህርት አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ከመቶ 3.3 ብቻ የሆነ ጊዜ አገሪቱ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ሬሜዲያል ብላ፣ ካላለፉት ከፊሉን ዩኒቨርሲቲ አስገብታ እንደገና አስተማረች። ሁለተኛ ዕድል መፍጠር ስንፈልግ እንደምንችል ያን ጊዜ አይተናል።

የርቀት ትምህርትን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። የተፈጠረው መንገድ መሄድ ለማይችል ሰው ነው። ለገበሬው፣ ለወታደሩ፣ ልጅ ለያዘችው እናት ተብሎ የታሰበ ነው። ክራንች ይዞ ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ለሚከብደው፣ በነጭ በትር ድንጋይ ለድንጋይ ለሚሄደው ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ሲመዘገብ ግን የሚሰጠው ምንድን ነው? በገመድ የታሰረ የሞጁል ክምር ነው፤ ወረቀት። እግሩ ለተጎዳው ልጅ በረከት ነው። ለዓይነ ስውሩ ግን ያው የተዘጋ በር ቤቱ ድረስ መጣለት ማለት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአገራችን ሕግ ሆኗል፤ አንቀጽ 24 የከፍተኛ ትምህርትን፣ የሙያ ሥልጠናን፣ የጎልማሶችንና የዕድሜ ልክ ትምህርትን በስም ጠርቶ ያለ አድልዎ ይከፈቱ ይላል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል፤ ተዳፋት ላይ በደረጃ የተሠራውን መማሪያ ክፍል ሁሉ እያያችሁ ይህን አዋጅ አስታውሱት። ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ብዙ የማይወራለት የማራካሽ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈረመ፣ ኢትዮጵያ በ2020 ገባችበት። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ማንበብ ለማይችል አካል ጉዳተኛ ሲባል መጽሐፍን ወደ ብሬይል ወይም ወደ ድምፅ ለመቀየር የባለመብቱ ፈቃድ እንቅፋት እንዳይሆን ነው። ስለዚህ “የደራሲው መብት ነው፣ አይነካም” የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አሁን ያ ምክንያት እንደማይሠራ ንገሩት።

መስማት ስለተሳናቸው ልጆች የምናገረው ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁሉን ባንድ ቁና መስፈር አይገባም። ለዓይነ ስውሩ ልጅ ቤቱ አጠገብ ይማር፣ ድምፁን እናድርስለት እላለሁ። መስማት ለተሳናት ልጅ ግን ቤቷ አጠገብ ብቻዋን መቅረት ራሱ እስር ነው። ቋንቋ ከሰው ነው የሚወሰደው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ ፊደላችንን እንኳ በጣት ሲጽፉት ተነባቢው በእጅ ቅርጽ ይያዝና ሰባቱ ቤቶች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሳልስ እያልን በዜማ የቆጠርነውን እነሱ በእጅ ይቆጥሩታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው በሌለበት መንደር ያደገች ልጅ ግን ከእናቷ ጋር በፈጠሯት ጥቂት ምልክት ብቻ ነው ሐያ ዓመት የምትሞላው። ለእሷ የሚያስፈልገው መሰሎቿ የተሰበሰቡበት ቦታ ነው፤ ወልድያ ይሁን ደሴ፣ ማደሪያው ተሟልቶ፣ አስተርጓሚ ተቀጥሮ። ቴክኒክና ሙያ ላይ እንጨት ሥራ፣ ብረት ሥራ፣ ልብስ ስፌት በዓይንና በእጅ የሚለመዱ ናቸው፤ አሠልጣኙ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ መናገሩን ቢተውና አንድ አስተርጓሚ ቢኖር እሷን የሚያስቀር ነገር የለም። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የመንግሥት ሥራ ነው፤ መጠየቅ አለብን። እኛ በመንደራችን ልንተካው አንችልም።

የሰሜኑን ጦርነትም ዝም ብዬ አላልፈውም። ከ2013 ክረምት ጀምሮ በዚህ አገር የደረሰውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እግሩን አጥቶ የተመለሰ ወጣት በየቤቱ አለ። ደሴ ላይ ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል፤ ነገር ግን እግር ተገጥሞለት ሲመለስ እርፍ መያዝ ካልቻለ ምን ይሁን? ያ ልጅ የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ እያየ ያደገ ነው። አሁን የራሱ ሆነ።

እንግዲህ ላቅርብ ያልኩት መልስ ይኸውላችሁ። አንድ የርቀት ትምህርት ሞጁል 120 ገጽ ነው እንበል። ጮክ ብሎ ረጋ ብሎ ላንብብ ላለ ሰው አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅበት ሞጁሉ በስድስት ሰዓት ያልቃል። ለአሥራ ሁለት ሰው ቢከፋፈል ለአንዱ ግማሽ ሰዓት ይደርሰዋል። በሁላችሁም ኪስ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለ። ጥፍር የምታህል ሜሞሪ ካርድ የዓመቱን ሞጁል ሁሉ ትይዛለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ያላችሁ ልጆች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ጡረታ ላይ ያላችሁ አባቶች፤ ከዚህ አዳራሽ አሥራ ሁለት ሰው ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ዓይነ ስውራንን ጠይቁ፤ “አንባቢዬ” የሚሉት ሰው አላቸው። ፈተናውም በቃል ወይም በጸሐፊ እንዲሰጥ ተቋማቱን የምንጠይቅበት ደብዳቤ ተዘጋጅቷል፤ መውጫው ላይ ፈርሙልኝ።

ማንበቡ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኔም ከልጁ ነው የተማርኩት። የጂኦግራፊውን ሞጁል ቀድቼ ወሰድኩለት። ገጽ ቁጥሩን በየገጹ መጀመሪያ መጥራት እንዳለብኝ ነገረኝ፤ ካለዚያ መምህር “ገጽ 47ን ተመልከት” ሲለው መሄጃ የለውም። እንግዳ ስም ሲመጣ ፊደል በፊደል መጥራት፣ ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ከማንበብ በፊት ስንት ረድፍ እንዳለው መናገር። ከዚያ “በሥዕሉ ላይ እንደምትመለከተው” ብዬ ያለፍኩት ቦታ ላይ ስልኩን አቆመውና፣ “መምህር፣ ሥዕሉ ምንድን ነው?” አለኝ።

የተከዜ ካርታ ነበር። ጣቱን ያዝኩና ጠረጴዛው ላይ እያስኬድኩ ነገርኩት፤ እዚሁ ከላስታ ተራሮች ይነሳል፣ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ይጠመዘዛል፣ እንደገና ወደ ምዕራብ ዞሮ የኤርትራን ወሰን ይዞ ሱዳን ይገባል፣ ከአትባራ ጋር ይገናኛል። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ወፍራም ወረቀት አወጣና ወስፌዋን አነሳ። ከጀርባ በኩል ስለሚወጋው ምዕራቡን ወደ ቀኝ፣ ምሥራቁን ወደ ግራ አዙሮ በልቡ ያዘ፤ እኔ ያን አላሰብኩትም ነበር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሲጨርስ ገለበጠው። ወንዙ ከላስታ ተነስቶ፣ በትክክል ወደ ግራ እየሄደ፣ ነጥብ በነጥብ ወጥቶ ተቀምጧል። መነሻው ላይ ጥቅጥቅ ያሉ ነጥቦች አደረገ። “እዚህ እኛ ነን” አለኝ።

ወረቀቱ ይኸው። ከፊት ካላችሁት ጀምሮ እየተቀባበላችሁ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ስትዳስሱ ግን ዓይናችሁን ጨፍኑ።